ነጭ ርግብ ለማን?

ሰሞኑን በመካከላችን አንድ ክርክር ተነሥቷል። ሲያዩት ትንሽ ነገር ይመስላል። ለተማሪዎች የሥነ ጥበብ ትርኢት አንድ የወረቀት ቅርፅና አንድ ፖስተር ይሠራ፣ ርእሱም ኮልፌ ቀራንዮ ይሁን ተባለ። እሰየው! ንድፉ ሲቀርብ ግን ምን አየን? ክንፏን የዘረጋች ነጭ ርግብ! ከብሪስቶል ወረቀት ተቆርጣ፣ ተጣጥፋ፣ በናይለን ክር ከጣሪያ የምትንጠለጠል። ፖስተሩ ደግሞ በፕላስቲክ ባነር የሚታተም ሆኖ ርእሱ በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛው ከግርጌ እንደ መድኃኒት ማስጠንቀቂያ በደቃቅ ፊደል ተለጥፏል። እኛ ይህን ንድፍ አንቀበልም። የማንቀበለው ለምን እንደሆነ፣ በምትኩም ምን ቢሠራ እንደሚሻል እንናገራለን።

ርግቧ ምን በደለች? ምንም። ለማንም ስለምትሆን ግን ለኮልፌ አትሆንም። ዛሬ ለኮልፌ ተሰቅላ ነገ ለሠርግ አዳራሽ ብትከራይ ማንም ልዩነቱን አያውቅም። ኮልፌ ቀራንዮ ግን ማንም ሰፈር አይደለም። አጠና ተራ አለው፤ ዘነበወርቅ አለው፤ አየር ጤና አለው። ቆሼም አለው። የዚህች ከተማ ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ ሲቆለል የኖረው እዚያ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ ተከፈተ፤ የአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃወሙ፤ ከወራት በኋላ መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን የጭቃና የላስቲክ ቤቶች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ሦስት ቀን! ከዚያ በኋላስ? በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። መብራቱ ጥሩ ነው፤ ግን የሞቱትን ለማስታወስ መብራት ብቻውን አይበቃም።

እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቻችን አንድ ከበድ ያለ ጥያቄ ያነሣሉ። «ኮልፌ ማለት ቆሼ ብቻ ነች ወይ? የሰፈሩን ስም ለምን ታጠፋላችሁ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከሰፈሩ ልጆች አፍም ሰምተነዋል። መልሳችን ይኸው፤ ቆሻሻው የኮልፌ አይደለም። የቦሌ ነው፣ የፒያሳ ነው፣ የመርካቶ ነው፣ የእኛም የግቢያችን ነው። ኮልፌ የተሸከመችው የሌላውን ሸክም ነው። ይህን በግልጽ የሚናገር ሥራ ሰፈሩን አያሰድብም፤ የሚያሳፍር ከሆነ የሚያሳፍረው ጣዩን ነው። ርግቧ የምታደርገው ግን ጣዩም ተሸካሚውም እኩል ፈገግ ብለው እንዲያልፉ ነው።

ከወዲያኛው ወገን ደግሞ ሌሎች አሉ። «እንግዲያው እውነተኛ ቆሻሻ አምጥተን አዳራሹ መካከል እንከምር፤ የሚያለቅሱ እናቶችን ፎቶ አጉልተን እንለጥፍ» የሚሉ። ኧረ ባካችሁ! ሽታውን ለአንድ ሰዓት አሽትቶ፣ አፍንጫውን ይዞ ወጥቶ፣ «በጣም ይነካል» የሚል ተመልካች ምን አገኘ? የሰው ልቅሶ የእኛ ቀለም አይደለም። ያቺ እናት ስታለቅስ ፖስተር ልሁን ብላ አልነበረም። አንዱ ወገን ሐዘኑን በነጭ ወረቀት ይሸፍነዋል፤ ሌላው አውጥቶ ይቸረችረዋል። ሁለቱም ሟቾቹን አልጠየቁም፤ የቀሩትንም አልጠየቁም።

ታዲያ ምን ይሠራ? ከወረቀቱ እንጀምር። ወረቀት በእኛ ከተማ ረጅም ዕድሜ አለው። ፈተና ተጽፎበት ይታረማል፤ ከዚያ ሱቅ ይገባና ቆሎ ይጠቀለልበታል፤ ቀሪው በቆራሌው ጆንያ ይሄዳል፤ ቆራሌው ያልወሰደው ከክምሩ ይደርሳል፤ እዚያም በእጅ ተለቅሞ የሚሸጥ ይኖራል። በዚህ መንገድ ላይ የስንት ሰው እንጀራ አለ! ስለ ቆሼ የሚሠራ የወረቀት ቅርፅ ከዚህ ወረቀት ካልተሠራ ከምን ሊሠራ ነው? አሮጌ ጋዜጣ፣ ካርቶን፣ የሲሚንቶ ከረጢት፣ የእኛው የተጣለ ማስታወሻ ይበቃል።

«ይኼ ሥነ ጥበብ ነው?» የሚለን ካለ ሩቅ አንሄድም። ኤልያስ ስሜ በዚሁ ከተማ ሥነ ጥበብ ተምሮ፣ ከመርካቶ የተገዛ የኮምፒውተር ውስጠ ነገርና የኤሌክትሪክ ሽቦ እየጠለፈ የሠራቸው ሥራዎች ዛሬ ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ድረስ ገብተዋል። ሩቅ ካላችሁም፣ ፒካሶ በ1912 እ.ኤ.አ. ከካርቶን፣ ከክርና ከሽቦ ጊታር ሠርቷል። የተናቀ ዕቃ ክብር የሚያገኘው በሚያስበው እጅ ነው።

ቅርፁን እንዲህ እናስበዋለን። ከሰው ቁመት የሚበልጥ አንድ ቁልቁለት ይቁም። አጽሙ ከዚያው ከአጠና ተራ በሚገዛ አጠና ይሁን፤ በላዩ ሽቦ፣ በሽቦው ላይ ካርቶን። የካርቶኑ ሆድ ሞገድ ሽቅብ ይቁም፤ አግድም ከሆነ ክብደት አይችልም። ወረቀቱ በመቀስ አይቆረጥ፣ በእጅ ይቀደድ፤ የተቀደደ ጠርዝ ከሥሩ ካለው ጋር ይዋሐዳል፣ የተቆረጠው ግን መስመሩ ይታያል። በዱቄት ሙጫ አንዱ ንብር ወደ ጎን፣ ቀጣዩ ወደ ላይ እየተደረገ ይለጠፍ፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብ፣ ይሻግታልና። ንብሮቹ ከጎን ይታዩ። ዓመት በዓመት ላይ ሲቆለል የኖረው እንዲታይ ነው የምንፈልገው።

ከቁልቁለቱ ግርጌ ዝቅ ያሉ ትንንሽ በሮች ይከፈቱ። ተመልካቹ ካልተጎነበሰ አይታየውም። ውስጡ ሰው የለም። ጀበና፣ የልጅ ጫማ፣ ደብተር፣ የውሃ ጀሪካን፤ ሁሉም ከወረቀት፣ ሁሉም በቁመታቸው ልክ። ያ የተወደደው ነጭ ብሪስቶል ወረቀት ለእነዚህ ይዋል። ነጩን ወረቀት አልጠላነውም፤ ቦታው ግን የሰው ቤት ውስጥ እንጂ ከጣሪያ ሥር አይደለም።

«ወረቀት እኮ አይቆይም፤ አንድ ዝናብ ይበቃዋል» ትሉናላችሁ። ልክ ነው። እንግዲያው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ይሠራ፣ ጣሪያ ባለው ቦታ ይቁም። ትርኢቱ ሲያበቃም ወረቀቱ ተመልሶ ለቆራሌው ይሰጥ። የማይበሰብሰው ባነር ግን የት ሊገባ ነው? ስለ ቆሻሻ ክምር የተሠራ ፖስተር ራሱ በክምሩ ላይ ዘላለም ሊኖር ነው ማለት ነው። ጉድ እኮ ነው!

ወደ ፖስተሩ እንምጣ። አንድ ውድ ባነር ከሚሰቀል በስክሪን፣ በሁለት ቀለም፣ በተራ ወረቀት ብዙ ቅጂ ይታተም። የሚያነበው ሰው በአማርኛ የሚኖር ነውና በአማርኛ ይጻፍ፤ ለውጭ እንግዳ በሌላ ወረቀት ይተርጎምለት። ፊደላችን እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ የለውም፤ በትልቁ ፊደል መጮኽ አይቻልም። ኃይሉ የሚመጣው ከውፍረቱና በዙሪያው ከሚተወው ባዶ ቦታ ነው። የሆሄያቱን ቅንጣት ደግሞ ማንም እንዳይንቅ። «ቀበረ» እና «ቀበሩ» የሚለያዩት በአንዲት ቅንጣት ነው፤ ያቺ ቅንጣት አንዱን ብዙ ታደርገዋለች። ደቃቅ ፊደል ከመንገድ ማዶ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠፋው ግን እሷ ነች። ስለዚህ ቃላቱ ጥቂት ይሁኑ። እኛ ያቀረብነው ይህ ነው፦ ከላይ «ቆሼ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.»፤ ከሥሩ «የጣልነው በማን ላይ ወደቀ?» በቃ። ፎቶ የለም፣ ርግብ የለም።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እሱም ዋናው ነው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በአብዮት አደባባይ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስል ከሕንፃ ገዝፎ ቆሞ ነበር። ሕዝቡ ከሥሩ ቆሞ ሽቅብ አየ፤ ምን ይሰቀል ብሎ የጠየቀው ግን አልነበረም። እኛ ያንን በትንሹ መድገም የለብንም። ቅርፁ መጀመሪያ ግቢያችን ሳይሆን ኮልፌ ይቁም። ከመቆሙም በፊት ንድፉ ለሰፈሩ ሰዎች፣ በተለይ ወረቀት ለቅመው ለሚኖሩትና ከአደጋው ለተረፉት ይታይ። «ይህ በር እንዲህ አልነበረም» ካሉን በሩ ይፍረስ። «አታቁሙት» ካሉንም አናቆመውም፤ ፖስተሩን ብቻ ግቢያችን ውስጥ እንለጥፋለን። ጥያቄው የተጻፈው ለጣዮቹ ነውና።

እንግዲህ ባልደረቦቻችን፣ ንድፉ ገና ድምፅ አልተሰጠበትም። ርግቧን የምትወዱ ኑና ተከራከሩን። ግን ስትመጡ ለአንድ ጥያቄ መልስ ይዛችሁ ኑ፦ ያ ቁልቁለት ባለበት ሰፈር፣ ያቺ ነጭ ወፍ የምትበረው ከማን ቤት በላይ ነው?