ስለ ቢራው ተናገርን፤ ስለ ጫቱስ?

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ሕግ ነው። ሕጉ ቤታችን ድረስ የሚገባ ስለሆነ ግን ከጤና ዓምዱ ወጣሁ አልልም።

ታስታውሱ እንደሆነ ከጥቂት ዓመታት በፊት ዜና ለመስማት ሬዲዮ ስንከፍት የሚቀድመን የቢራ ማስታወቂያ ነበር። በሰሜን ተራሮች ግርጌ የሚያድጉ የደባርቅ ልጆች እንኳ የዳሽንን ስም ከተራራው ይልቅ በቢራው ይለምዱት ነበር። የ2004ቱ የማስታወቂያ አዋጅ በመገናኛ ብዙኃን እንዳይተዋወቅ የከለከለው የአልኮል መጠኑ ከ12 በመቶ በላይ የሆነውን መጠጥ ነው። ቢራ 5 በመቶ ገደማ ነውና አመለጠ። ነገር ግን 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹህ አልኮል አለው። አንድ መለኪያ አረቄም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ጉበት የሚቆጥረው ግራሙን እንጂ መቶኛውን አይደለም! ታዲያ 12 የሚለው ቁጥር ማንን ጠቀመ? ጠማቂውንና በማስታወቂያው ገቢ የሚተዳደረውን ጣቢያ።

ወላጆች አማረሩ፣ የጤና ባለሙያዎችም ተናገሩ። ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥም ሲጋራም እንዳይሸጥ ከለከለ። ገቢያችን ይቀንሳል ብለው ያጉረመረሙ ጣቢያዎች ነበሩ።

እኛም አልሐምዱሊላህ አልን። ለእኛ ግን ቀላሉ ይኼ ነበር፤ ከኪሳችን የሚጎድል ነገር አልነበረውም። ጫት ላይ ስንመጣስ? ጫት ለአገር የውጭ ምንዛሪ ያመጣል። ለገበሬው፣ ለነጋዴውና ለሾፌሩ እንጀራ ነው፤ ከእነርሱም መካከል ብዙ ወንድሞቻችን አሉ። ስለ ጫት ሕግ ይውጣ ቢባል መንግሥትን ለማግባባት የሚሯሯጠው ባለ ጥቅም እኛው ነን።

በምሠራበት መድኃኒት ቤት የደም ግፊት ኪኒን የሚገዛ ወንድም ዋጋው ተወደደ ይለኛል። ይቅም እንደሆነ ስጠይቀው ይስቃል። ሌላው እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብሎ ይመጣል። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል። እየቃሙ በኪኒን ማስተካከል አይሆንም።

ጫት በአንድ ጊዜ ይከልከል አልልም፤ ገበሬው ምን ሊዘራ? የመስጊዳችን ኮሚቴ ግን ጫት ለልጆች እንዳይሸጥ፣ ከትምህርት ቤት በርም እንዲርቅ ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይጻፍ። ሲመከር ጫት ነጋዴዎቹም ይጠሩ። ይቃወሙ ይሆናል፤ ምክንያታቸውን እንስማ። ረቂቁን ለመጻፍ እኔ ዝግጁ ነኝ፣ ኢንሻአላህ።