ልጁም ይጠየቅ



ባለፈው የማኅበር ቀን የልጆች ነገር ተነሥቶ ሳንቋጨው ተበተንን። ስለዚህ ሐሳቤን በዚህ ሰሌዳ ላይ ላስፍር።

ጦርነቱ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ወረዳችን ገባ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ተመልሶ መጣ። ትልቁ ሰው እንደምንም ቤቱን ጠግኖ ማሳውን አረሰ። ከልጆቻችን ግን ሌሊት የሚባንኑ፣ ከሰው የሚሸሹ አሉ። አንዱ የእኔ ልጅ ነው።

መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ የወሰድኩት ለት እኔ ተናገርኩ፣ ባለሙያው ጻፈ፣ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። እናቱን ደጅ ተዋት። ይቆጡኛል ብዬ ጠበል መውሰዳችንን ደበቅሁ። ምኑም ሳይገባን ወረቀት ይዘን ተመለስን፤ በቀጠሮውም አልሄድንም። ጥፋቱ የእኔም ነው።

ኋላ ሌላ ቦታ ስንሄድ ነርሷ ሦስታችንንም አስቀመጠች። አስቀድማ ልጁን «አንተን ምን ያስቸግርሃል?» አለችው። ዝም ሲል አላስቸኮለችውም፤ ለብቻውም አነጋገረችው። እኔ ሰነፈ እል የነበረው ልጅ ለካ እንቅልፍ አጥቶ ኖሯል። ስለ ጠበሉም ስንነግራት «ተጠመቁ፣ የእኛንም ክትትል አታቋርጡ» አለች። የሚቀጥለው ቀጠሮ የገበያ ቀን እንዳይሆን አብረን ወሰንን። ያን ቀጠሮ አልቀረንም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሽማግሎቻችን በዘወልድ ሲቀመጡ ያንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምተው አይፈርዱም። ታዲያ በልጅ ሕመም የአባት ቃል ብቻ እንዴት ይበቃል?

ከአእምሮ ሕመም ሲሶ ያህሉ 14 ዓመት ሳይሞላ እንደሚጀምር የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። መንግሥትም በ2005 ዓ.ም. ባወጣው ስትራቴጂ ሕክምናው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ሳይቀር ወደ ጤና ጣቢያዎች እንዲወርድ አስቦ ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያው ቀን ከተበላሸ ሰው አይመለስም። ከሮቢት ቆቦ ወይም ወልዲያ ለመድረስ የመኪና ሒሳብ አለ፣ የቀን ሥራም ይቀራል።

«ወረፋ አለ፣ ከልጅ ጋር ምን ያወራሉ?» የሚል አይጠፋም። ወረፋው እውነት ነው። ግን ያልገባው ሰው መድኃኒቱን ይጥላል፣ ልጁም ብሶበት ይመጣል፤ ያኔ ወረፋው ይረዝማል እንጂ አያጥርም።

ስለዚህ እናትና አባት አብረን እንሂድ። ልጁ ሲጠየቅ ካፉ አንንጠቅ። ጠበልም ሆነ ዱዓ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን አንደብቅ። ያልገባንን ሳንጠይቅ አንነሣ። ባለሙያዎችም ልጁን ይጠይቁልን፤ የወሰኑትን በምንረዳው ቋንቋ ያስረዱን።

ልጅ ብቻውን የሚያሳድግ ካለ ለማኅበሩ ይንገር፤ አብሮት የሚሄድ ሰው አናጣም።

የማኅበሩ ጸሐፊ