የሞተር መብራት ሲበራ ምን ማድረግ ይገባል

ይህ ገጽ የቤት አስተዳደርና የልጆች አስተዳደግ የሚነገርበት ስለ ሆነ፥ ዛሬ ስለ መኪና መናገራችን እንግዳ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን አንዲት አሮጌ መኪና የአንድ ቤተ ሰብ እንጀራ በሆነችበት አገር የመኪና ሕመም የቤት ሕመም ነው።

በታኅሣሥ ወር የሟች ታናሽ ወንድማችን ባለቤት ከቡሬ ተነሥታ ፍኖተ ሰላም ከቤታችን መጣች። ከተቀመጠችም በኋላ፥ «አያ፥ እርስዎ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነዎትና የመኪናዋን የሽያጭ ውል ይጻፉልኝ» አለችን። መኪናይቱ ወንድማችን ትቷት የሄደው፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1990ዎቹ የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት። ታላቁ ልጅ በርስዋ ሰውና ዕቃ እያመላለሰ ሦስት ታናናሾቹን ያስተምራል።

ለምን እንደምትሸጣት ብንጠይቃት ነገሩን ገለጸችልን። ጧት ጧት ሞተሩ አልነሣ ይላል፤ ሞቆ ከዋለ ግን ያለ ችግር ይነሣል። ሰው «ቼክ ኢንጅን» የሚለው ከነጂው ፊት ያለው መብራትም በርቶ አልጠፋ አለ። አንድ ጋራዥ የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚለካውን ሴንሰር ለወጠ፤ የተከፈለውም የዓመቱ በቆሎ የተሸጠበት ገንዘብ ነበረ። መብራቱ ግን አልጠፋም። በሁለተኛው ጊዜ «ኮምፒዩተሩ ሞቷል፤ ከአዲስ አበባ ከሶማሌ ተራ ይገዛ» ተባለች። ገንዘብ ስላልነበራት በግማሽ ዋጋ ለሚገዛት ሰው ልትሰጣት ቈርጣ ነበር።

እኛም፥ «እኅቴ፥ ውሉን ከመጻፋችን በፊት የመኪናይቱን ቃል እንስማ» አልናት። ከዚያም በቴክኒክ ትምህርት ቤት የሚያስተምር አንድ ወዳጃችንን ይዘን ወደ ቡሬ ሄድን።

የመኪና ቃል ምን እንደ ሆነ ላልሰማ ሰው በአጭሩ እንገልጻለን። ካርቡራተር ያላቸው የጥንቶቹ መኪናዎች ይህ የላቸውም። ቤንዚን በኮምፒዩተር የሚታዘዝባቸው መኪናዎች ግን ከየሴንሰሩ የሚመጣው መልእክት ሲበላሽ ጥፋቱን በቍጥር ይመዘግባሉ። በዚያ ዘመን በተሠሩት ቶዮታዎች ኮፈኑ ሲከፈት «ዲያግኖሲስ» የሚል ጽሕፈት ያለበት ትንሽ ሣጥን ይገኛል። ማርሹ ነጻ ሆኖ፥ ሞተሩ ሳይነሣ፥ በሣጥኑ ውስጥ «ቲኢ 1» እና «ኢ 1» የተባሉት ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ቍልፉ ይከፈታል። መብራቱ ያለ ዕረፍት በእኩል ፍጥነት ብልጭ ብልጭ ቢል የተመዘገበ ጥፋት የለም። ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ፥ ጥቂት ዐርፎ፥ ደግሞ ሁለት ጊዜ ብልጭ ቢል ቍጥሩ 22 ነው። ነገር ግን ሽቦውን በሌላ ቀዳዳ ማግባት ጉዳት ያመጣልና በክዳኑ ላይ ያለውን ጽሕፈት ሳያነቡ መንካት አይገባም።

የወንድማችን መኪና የተናገረችው ይህንኑ 22 ነበረ። ጋራዡም ያነበበው ይህንኑ ነው፤ በማንበቡ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ክሱን እንደ ፍርድ በመቍጠሩ ነው። 22 ማለት «ከውሃ ሙቀት መለኪያው የሚመጣው መልእክት ተቋርጧል ወይም ተበላሽቷል» ማለት እንጂ «ሴንሰሩ ሞቷል» ማለት አይደለም። ጥፋቱ ከሴንሰሩ፥ ከሽቦው፥ ከመጋጠሚያው ወይም ከኮምፒዩተሩ ሊሆን ይችላል። በችሎት ክስ የቀረበበት ሰው ሁሉ ጥፋተኛ እንደማይባል፥ በጋራዥም ምስክር ሳይሰማ ዕቃ መለወጥ አይገባም።

ስለዚህ ምስክሮቹን መስማት ጀመርን። ከመኪናይቱ የወጣውን አሮጌ ሴንሰር ልጁ በጥንቃቄ አስቀምጦት ነበረ። ወዳጃችን ጫፉን በድስት ውሃ ውስጥ አድርጎ በቴስተር ለካው። ጤነኛ ሴንሰር ውሃው 20 ዲግሪ ሲሆን ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፥ 80 ዲግሪ ሲሆን ከ200 እስከ 400 ኦም ያህል ያሳያል። ድስቱ እየሞቀ በሄደ መጠን ቍጥሩ እየወረደ ሄዶ ልክ እንደሚገባው ሆነ። የተጣለው ዕቃ ጤነኛ ነበረ! እኅታችን ይህን ስታይ ዝም ብላ በነጠላዋ ዐይኗን ጠረገች፤ የበቆሎው ገንዘብ በከንቱ እንደ ጠፋ ዐውቃለችና።

ቀጥሎ ሽቦው ተመረመረ። መኪናይቱ የምታድረው ከጎተራው አጠገብ ነው። ከሞተሩ በስተ ኋላ አይጥ በልቶት የተቈረጠ ሽቦ ተገኘ። ኮምፒዩተሩ መልእክቱ ሲቋረጥበት ውሃው 80 ዲግሪ የሞቀ አድርጎ ስለሚገምት፥ በብርዱ ጧት ለቀዝቃዛው ሞተር የሚበቃ ቤንዚን አይሰጥም ነበረ። ጧት አለመነሣቱም ከዚህ የተነሣ ነው። ሽቦው ተቀጠለ፤ በብየዳና በፕላስተር ጠበቀ። የቈየው ቍጥር እንዲሰረዝ «ኢኤፍአይ» የተባለው ፊውዝ ለጥቂት ጊዜ ወጥቶ ተመለሰ። በማግሥቱ ጧት ሞተሩ በመጀመሪያው ቍልፍ ተነሣ፤ መብራቱም አልተመለሰም። ነገር ግን ጥፋቱን ሳያበጁ ቍጥሩን ብቻ መሰረዝ መዝገብ ቀድዶ ክርክሩን ጨረስሁ እንደ ማለት ነውና ማንም አይታለልበት።

አዲሶቹ መኪናዎች ቃላቸውን የሚሰጡት በሌላ መንገድ ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ አዳዲስ የቤት መኪናዎች ሁሉ አንድ ዐይነት ሥርዐት እንዲኖራቸው ስለ ታዘዘ፥ ከመሪው በታች አሥራ ስድስት ቀዳዳ ያለው መሰኪያ አላቸው። ትንሽ ማንበቢያ ሲሰካበት «ፒ0115» የመሰለ ቍጥር ይወጣል፤ ይኸውም የውሃውን ሙቀት መለኪያ መሥመር የሚመለከት ነው። ቍጥሩ ቢረዝምም ምሥጢሩ ያው ነው፤ ይከሳል እንጂ አይፈርድም።

በአገራችን ይህን ማወቅ ዛሬ ይበልጥ ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186 ባረጁ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መንግሥት አስታወቀ። ስለዚህ በእጅ ያለችውን መኪና ጠብቆ ማኖር የቤተ ሰብ ጥበብ ነው።

እንግዲህ መብራቱ የበራበት ሰው ለመካኒኩ በትሕትና ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ቍጥሩ ስንት ነው? ዕቃው መበላሸቱ በምን ተፈተነ? የወጣው ዕቃስ የት አለ? ብልሕ መካኒክ በዚህ አይቈጣም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል። ቀዩ የዘይት መብራት ቢበራ ግን ለመጠየቅ ጊዜ የለም፤ መኪናውን ዳር አቁሞ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ነው።

የሽያጩን ውል ለመጻፍ ያዘጋጀነው ወረቀት እስከ ዛሬ ባዶውን ከመሳቢያችን አለ። ልጆቹም ትምህርታቸውን አላቋረጡም።