ልጆችን ክራር ሠሪ ዘንድ ውሰዷቸው

ኢትዮጵያ ውስጥ በሞተር ሳይክልና በኪቦርድ የሚታወቀው ያማሃ መነሻው አንድ የተበላሸ ኦርጋን ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ቶራኩሱ ያማሃ የተባለ ጠጋኝ፣ ሐማማትሱ በምትባል የጃፓን ከተማ የአንድ ትምህርት ቤት ኦርጋን ጠገነ። ውስጡን ካየ በኋላ «እኔም እሠራዋለሁ» ብሎ ተነሣ። የሠራውን ከጓደኛው ጋር ተሸክሞ፣ ተራራ አቋርጦ ቶኪዮ ድረስ በእግሩ ወሰደው። ባለሙያዎቹ ቅኝቱ ልክ አይደለም አሉት። እዚያው ቅኝት ተማረና ተመልሶ ሌላ ሠራ። (ሞተር ሳይክሉ ላይ ያለው ምልክትም ሦስት የድምፅ መቃኛ ሹካ ነው።)

ዛሬ በዚያ አካባቢ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ፒያኖ ሲሠራ ማየት ይችላል። ኩባንያው በአቅራቢያዋ ካኬጋዋ ያለውን የፒያኖ ፋብሪካ ለጎብኚ ይከፍታል። በ1995 የተከፈተው የሐማማትሱ የሙዚቃ መሣሪያዎች ሙዚየም ደግሞ ልጆች እየነኩ፣ እየመቱ የሚሞክሩበት ክፍል አለው። ፒያኖ ከ200 በላይ አውታር እንዳለው፣ ያን ሁሉ ውጥረት የሚሸከመውም የብረት ማዕቀፍ መሆኑን በዓይኑ ያየ ልጅ የፊዚክስ ክፍል ባዶውን አይገባም።

ለዚህ የግድ ትልቅ ፋብሪካ አያስፈልግም። ኢትዮጵያ ውስጥ ክራር፣ መሰንቆና በገና የሚወጡት ከትንንሽ ሥራ ቤቶች ነው። ለልጅ እንዲያውም ትንሹ ይሻላል። እንጨት ሲፈለፈል፣ ርጥብ ቆዳ ተወጥሮ ሲደርቅ፣ የፈረስ ጭራ የመሰንቆ አውታር ሲሆን ከአጠገቡ ቁጭ ብሎ ያያል። በገና ያን የሚነዝር ድምፅ የሚያወጣው በአውታሩና አውታሩ በሚያርፍበት በርኩማ መካከል በምትገባ ቁራጭ ቆዳ ነው። ልጁ ራሱ አውጥቶ መልሶ ቢያስገባት ልዩነቱን በጆሮው ይሰማል። ይህን በመጽሐፍ ሥዕል ማስተማር አይቻልም።

ሌላም ጉዳይ አለ፤ ይኸኛው ይከብዳል። በዐቢይ ጾም በበገና ድምፅ ዕንባ የሚያወርድ ማኅበረሰብ ቆዳ የሚያለፋውን ሰው «ፋቂ» እያለ፣ መሰንቆ የሚመታውን አዝማሪ እየናቀ ኖሯል። ንቀቱን ምክር ብቻ አላጠፋውም። ባለሙያው አስተማሪ ሆኖ ተቀምጦ፣ አባትና እናት ከልጃቸው ጋር እሱ ፊት ሲማሩ ግን ልጁ የሚያየው ሌላ ነው።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና ዕይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለው። ተማሪዎችን በአውቶቡስ ጭኖ መናፈሻ የሚወስድ ትምህርት ቤት አንዱን ቀን መሰንቆ ሠሪ ዘንድ ቢያደርገው ምን ይጎድልበታል? «ሠሪው ሥራ ይፈታል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ስለዚህ ይከፈለው። በነፃ አስተናግድ ማለት ራሱ ሌላ ንቀት ነው። መሮና ቢላው የሚያስፈራው ወላጅ ካለም፣ ለትንንሾቹ አውታር መወጠርና መቃኘት ይበቃቸዋል። አምስት ስድስት ቤተሰብ አዋጥቶ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሊጀምረው ይችላል፤ የማንንም መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጠበቅ የለበትም።