ሳይፈታ የተጠገነ ሬድዮ ዋጋው ስንት ነው?

በዚህ የንግድ ምክር ቤታችን ሳምንታዊ ገጽ ላይ ስለ ጤፍና ስለ ድንች ዋጋ፥ ስለ ጭነትና ስለ ግብር ብዙ ሲጻፍ ቈይቷል። እኔ ዛሬ ሐሳቤን ለመግለጥ የተነሣሁበት ጉዳይ ከነዚህ ሁሉ ያነሰ ይመስላል፤ ይኸውም ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጥ አንድ የሬድዮ መቀበያ ነው። ነገር ግን በዚህ ትንሽ ዕቃ ምክንያት በምሠራበት ሱቅ የተነሣው ክርክር የሌሎችንም ሱቅ የሚነካ ሆኖ ስላገኘሁት ዝም ማለትን አልወደድሁም።

በደብረ ታቦር ከተማ በአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሥራዬ የተሸጠውንና የተመለሰውን በመዝገብ ማስፈር ነው እንጂ ሬድዮ መጠገን አይደለም። ሆኖም መዝገብ የያዘ ሰው ሌላው የማያየውን ያያል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቈየቱን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በዚያን ጊዜ ወደ ሱቃችን መጥቶ ሬድዮ የሚጠይቀው ሰው በዛ። ሽማግሌዎቹ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማርኛ የሚያሰራጨውን የጀርመን ድምፅ በአጭር ሞገድ ለመስማት ሲሉ አሮጌ ሬድዮአቸውን ከሣጥን እያወጡ ባትሪ ይገዙ ነበር። ወጣቶቹ ግን፥ በተለይም የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች፥ በኮምፒዩተር ላይ ተሰክቶ በሶፍትዌር የሚሠራውን መቀበያ እንድናስመጣላቸው ለመኑን። የዚያን ጊዜ ፍላጎት ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላም አልጠፋም፤ ስለዚህ ጌታዬ ባለፈው ዓመት ጥቂት አስመጡ።

ይህን ዕቃ ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል። በቀድሞው ሬድዮ ውስጥ ጣቢያን ከጣቢያ የሚለየው የሽቦ ጥቅልና ኮንደንሰር ነበር። በአዲሱ ግን ቺፑ ከአንቴናው የመጣውን ሞገድ ወደ ቍጥር ለውጦ ለኮምፒዩተሩ ያስረክባል፤ የመምረጡንና ድምፅ የማውጣቱን ሥራ ሶፍትዌሩ ይፈጽመዋል። የብዙዎቹ ርካሽ መቀበያዎች መሠረት ሪልቴክ የተባለው ኩባንያ ለቴሌቪዥን የሠራው አር ቲ ኤል 2832 ዩ የሚባል ቺፕ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ገደማ ይህ ቺፕ ጥሬውን ቍጥር እንዲያወጣ ማድረግ እንደሚቻል ስለ ታወቀ፥ በጥቂት ገንዘብ የሚገዛው የቴሌቪዥን ዕቃ በዓለም ዙሪያ የሬድዮ ወዳጆች መሣሪያ ሆነ። እንግዲህ ብልሽቱም እንደ አሠራሩ ነው፤ በብረቱ ላይ ሊገኝ ይችላል፥ በሶፍትዌሩም ላይ ሊገኝ ይችላል፥ ከሁለቱም ውጭ በገዢው ቤት ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ከቡሄ በፊት ባለው ሰሞን ከሸጥናቸው መካከል አምስቱ ተመለሱ። እኔም በመዝገቤ «ምክንያት» በሚለው ረድፍ ላይ አምስት ጊዜ «አይሰማም» ብዬ ጻፍሁ። ይህ አንድ ቃል አምስት ልዩ ልዩ ነገር መሆኑን የተረዳሁት፥ ጌታዬ አንድ ወጣት ሬድዮ ጠጋኝ ካስጠሩ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው መቀበያ ምንም አልሆነም ነበር። ኮምፒዩተሩ ዕቃውን እንደ ቴሌቪዥን ቈጥሮ የቴሌቪዥን ድራይቨር ስለ ጫነበት፥ የሬድዮው ሶፍትዌር «መሣሪያ አልተገኘም» ይል ነበር። ጠጋኙ ዛዲግ በምትባል ትንሽ ፕሮግራም ድራይቨሩን ለወጠና፥ አንዲት ብሎን ሳይፈታ ድምፁን አሰማን። ፕሮግራሟን በፍላሽ ይዞ ይዞራል፤ ኢንተርኔት በሌለበት ጊዜ የተማረው ልማድ መሆኑን ነገረኝ።

ሁለተኛው ከነፋስ መውጫ የመጡ የጡረታ መምህር የገዙት ነበር። እኒህ ሰው የፈለጉት የአጭር ሞገድ የአማርኛ ስርጭት ነው። አጭር ሞገድ የሚባለው ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ያለው ሲሆን፥ የሸጥንላቸው ዐይነት የሚጀምረው ከ24 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው፤ ከዚያ በታች ለመስማት ሞገዱን ወደ ላይ የሚያሻግር ተጨማሪ ዕቃ፥ ወይም ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ሌላ ዐይነት መቀበያ ያስፈልጋል። መምህሩ ቍጣ ሳያሳዩ «ልጄ፥ ሁሉን ይሰማል ብላችሁኝ ነበር እኮ» አሉኝ። እውነት ነው፥ ብለን ነበር። በካርቶኑ ላይ የለጠፍሁትን ወረቀት የጻፍሁት እኔ ራሴ ነኝ።

በሦስተኛው ላይ ጥቂት ልቈይ፥ ምክንያቱም የብዙ ቤት ችግር ይመስለኛል። ገዢው የከተማችን ሰው ነው፤ መቀበያው ከዳር እስከ ዳር ይጮኻል እንጂ ጣቢያ አይለይም ሲል መለሰው። በሱቃችን ሲሞከር ግን ደኅና ሆኖ ተገኘ። ጠጋኙ ወደ ሰውየው ቤት ሄደና ላፕቶፑን በራሱ ባትሪ ብቻ እያሠራ የቤቱን መብራት ከቈጣሪው አጠፋው። ጩኸቱ በከፊል ቀነሰ። ቀጥሎ ከጣራው የፀሐይ ኀይል ባትሪውን የሚሞላውን መቈጣጠሪያ ነቀለ፤ ያን ጊዜ ጩኸቱ ፈጽሞ ጠፋ፥ ጣቢያውም ጠርቶ ተሰማ። ርካሽ ቻርጀርና ርካሽ አምፖል፥ እንዲሁም እንዲህ ያለው የሶላር መቈጣጠሪያ፥ ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየቈረጡና እየቀጠሉ ስለሚሠሩ፥ በደንብ ካልተሸፈኑ በአጠገባቸው ያለውን ሬድዮ ሁሉ ያውካሉ። መድኀኒቱ አንቴናውን ከቤቱ አርቆ መትከልና በሽቦዎቹ ላይ የፌራይት ቀለበት ማሰር ነው። መቈጣጠሪያውንም የሸጥንለት እኛ መሆናችንን በመዝገቤ አረጋግጫለሁ፤ ይህን ግን ለጌታዬ ለመንገር ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

በአራተኛው የአንቴናው መሰኪያ ብየዳ ተሰንጥቆ ነበርና ተበይዶ ዳነ። አምስተኛውን መብረቅ አቃጥሎታል። ከተማችን ከባሕር ወለል ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ፥ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን የጉና ተራራን ተጐራብታ የምትኖር ስለ ሆነች፥ የክረምቱን ነጐድጓድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ገዢው ሽቦውን በባሕር ዛፍ ላይ ዘርግቶ ዝናብ ሲመጣ አልነቀለውም ነበር። ሽቦው ሳይመታ እንኳ በአቅራቢያ የወደቀ መብረቅ ይህን ስስ ዕቃ ለመግደል ይበቃዋል።

ክርክሩ የመጣው በሒሳቡ ቀን ነው። ጌታዬ ለተበየደው ከፈሉ፤ ስለ ሌሎቹ ግን «ምን ለወጠ? አንድ ዕቃ ሳይለውጥ ገንዘብ ይጠይቃልን?» አሉ። ጠጋኙ እሳቸውን በአክብሮት ከተሰናበተ በኋላ በር ላይ እየሣቀ «ጋሼ፥ እንግዲያስ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ነገር ለውጬ መምጣት አለብኝ ማለት ነው» አለኝ። እኔ አልሣቅሁም። በዚህች ንግግር ውስጥ የብዙ ዓመት መዝገቤ ሲብራራልኝ ታየኝ፤ ስንት ጊዜ «ፊውዝ ተለወጠ»፥ «ኮንደንሰር ተለወጠ» ብዬ ጽፌአለሁ!

እኔ የምለው ይህን ነው። ለዕቃ ብቻ እየከፈልን ብልሽቱን ፈልጎ ላገኘበት ዕውቀት የማንከፍል ከሆነ፥ ጠጋኙን ሐሰተኛ የምናደርገው እኛው ነጋዴዎች ነን። ያልተበላሸውን ክፍል እንዲለውጥ እናስገድደዋለን፤ ያም ክፍል በውጭ ምንዛሪ የመጣ ነው። በተለይ በሶፍትዌር የሚሠራ መሣሪያ በመጣበት በአሁኑ ዘመን፥ ከጥገናው ብዙው ክፍል በእጅ የሚጨበጥ ነገር የለበትም። ለምሳሌ ርካሽ መቀበያዎች ሲሞቁ ጣቢያውን ከቦታው ያንሸራትቱታል፤ በሚሊዮን 50 እጅ ብቻ ቢሳሳት በ100 ሜጋኸርዝ ላይ 5 ኪሎኸርዝ ይሆናል። ይህን ለማረም የታወቀ ጣቢያ ይዞ በሶፍትዌሩ ላይ አንድ ቍጥር መጻፍ ይበቃል። ቍጥሩን ለመጻፍ አንድ ደቂቃ ይበቃ ይሆናል፤ የትኛው ቍጥር እንደ ሆነ ለማወቅ ግን ዓመታት ፈጅቶበታል።

የጌታዬም ጥያቄ መልስ የሚገባው ነው። «ፈለግሁ ብሎ ሳይፈልግ ቢመጣስ በምን አውቃለሁ?» ይላሉ። ነጋዴ ያላየውን ነገር መግዛት አይወድም፥ በዚህም አይነቀፍም። ስለዚህ ጠጋኙ ያገኘውን በአጭር ወረቀት ይጻፍ፤ ደኅና መሆኑ በታወቀ መቀበያና አንቴና ጐን ለጐን አድርጎ በሻጩና በገዢው ፊት ያሳይ። በጌታዬ ቤት ያየሁት ሙከራ ሁሉ ከሩብ ሰዓት አላለፈም። እንዲህ ያለውን ዕውቀት ለወጣት ማስተማር ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኢቲ3ኤኤ በሚል መጠሪያ የሚታወቀው የአማተር ሬድዮ ክበብ ተማሪዎችን ከመሣሪያው ጋር ያስተዋውቃል። እኛም በደብረ ታቦር በምክር ቤታችን አዳራሽ ጥግ አንድ ጠረጴዛ፥ አንድ ኮምፒዩተር፥ አንድ መልቲሜትርና አንድ መበየጃ ብናኖር የሚያደኸየን አይመስለኝም።

የሻጭም ግዴታ አለ። ከየት እስከ የት ሜጋኸርዝ እንደሚሰማ በካርቶኑ ላይ በአማርኛ ይጻፍ። የመገናኛ መሣሪያ ለማስመጣት የሚያስብም ሰው አስቀድሞ በአዋጅ ቍጥር 1148/2011 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ይጠይቅ፤ ዕቃው ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ መጠየቅ ውድ ነው።

በእኛ ሱቅ የካርቶኑን ወረቀት ልጬ ሌላ ጽፌአለሁ፤ ለመምህሩም ገንዘባቸው ተመልሶላቸዋል። በመዝገቡም ላይ «ለምርመራ» የሚል አዲስ ረድፍ አስምሬአለሁ። ጌታዬ ረድፉን አይተው አልተቈጡም። ጠጋኙ በአንድ መቀበያ 200 ብር ይገባኛል ይላል፥ እሳቸው 100 ይበቃል ይላሉ፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በሱቁ ተገናኝተው እንዲነጋገሩ ቀጠሮ ይዤላቸዋለሁ።