ከመርዙ በፊት ማበጠሪያው ይቅደም

እናንተ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ «ቲቸር፣ ይሄ ለኑሮ ምን ይጠቅመናል?» ትሉኝ የነበራችሁ ተማሪዎቼ። ዛሬ የምጽፈው ስለ ቁንጫ ነው። አትሳቁ፣ የምር ነው።

ግቢ ውስጥ ቁንጫ በዛ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን መርዝ ነው። ለማሳ ተባይ የተሠራ ማላታይን በጥብጦ ውሻው ላይ መድፋት፣ የበረሮ ፍሊት ድመቷ ላይ መንፋት፣ ሲብስም ነጭ ጋዝ መቀባት። እኔ ይሄ ልማድ ይቅር ባይ ነኝ። መቅደም ያለበት ጥርሱ ድቅቅ ያለ ማበጠሪያ ነው፤ ያ የልጆችን ቅማልና ቅጫም የምናወጣበት ዓይነት፣ ሱቅ በደረቴዎች ይዘውት የሚዞሩት።

ለምን መሰላችሁ? ማላታይን ቁንጫን የሚገድለው ነርቭን በማወክ ነው። ነርቭ ደግሞ ለቁንጫ ብቻ አልተሰጠም፤ ውሻም፣ ድመትም፣ ልጅም አለው። መጠኑ ሲበዛ ለሃጭ መዝረክረክ፣ መንቀጥቀጥና ትንፋሽ ማጠር ይከተላል። ድመት ላይ ደግሞ ይብሳል። ብዙ የነፍሳት መግደያዎች ውስጥ ያለውን ፐርሜትሪን ውሻ ሲቋቋመው የድመት ጉበት ግን እንደልቡ ሰባብሮ ማስወገድ አይችልም። በዚያ ላይ ድመት ሰውነቷን ስትልስ ነው የምትውለው፤ ጸጉሯ ላይ የነፋችሁት ሆዷ ይገባል። አንዲት ጎረቤታችን ለውሻ የተገዛ የቁንጫ መድኃኒት ለድመቷም አካፈለቻት። ድመቷ ስትንቀጠቀጥ አድራ ጠዋት ሞታ ተገኘች። እዚያ ቤት ልጆች አሉ'ኮ፤ ያንኑ ውሻ አቅፈው ሲንከባለሉ የሚውሉ።

ወደ ማበጠሪያው እንምጣ። ውሻና ድመት ላይ በብዛት የሚገኘው ቁንጫ ሳይንሳዊ ስሙ ክቴኖሴፋላይደስ ፌሊስ ነው። የመጀመሪያው ቃል «ማበጠሪያ» እና «ራስ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የመጣ ነው፤ ጭንቅላቱ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ እሾህ አለውና። ሰውነቱ ከግራና ከቀኝ የተጨፈለቀ ስለሆነ በጸጉር መሀል ሾልኮ ያልፋል። ተራ ማበጠሪያ ያመልጠዋል፤ ድቅቁ ግን ይይዘዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሳህን ውስጥ ውሃ አድርጉና ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩበት። አንገቱን፣ ከጆሮው ኋላ፣ ጀርባውን፣ የጭራውን ሥርና ሆዱን ከጸጉሩ ሥር እስከ ጫፉ ቀስ እያላችሁ አበጥሩ፤ በየመሀሉ ማበጠሪያውን ውሃው ውስጥ ንከሩት። ሳሙናው ቁንጫው እንዳይንሳፈፍ አድርጎ ያሰምጠዋል። እንደ ተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ያለ ጥቁር ነገር ከወጣ እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ አድርጉት። ቀላ ብሎ ከተሰራጨ የቁንጫ ኩስ ነው፣ ማለትም የተፈጨ ደም። ማበጠሪያው ለእንስሳው ብቻ ይሁን፤ ስትጨርሱም እጃችሁን ታጠቡ።

«ቲቸር፣ ሁለት ስናወጣ መቶ ይተካል» የምትሉ አትጠፉም። ግማሽ እውነት አላችሁ። አንዲት ሴት ቁንጫ በቀን እስከ 40 እና 50 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። እንቁላሉ ጸጉሩ ላይ አይቆይም፤ ምንጣፍ ላይ፣ የወለል ስንጥቅ ውስጥ፣ የውሻው መኝታ ላይ ይረግፋል። እዚያ እጭ ይሆናል፣ ከዚያ ሙሽሬ ሆኖ ለወራት ተሸፍኖ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ አንድ ቀን አበጥሮ መተው ዋጋ የለውም። ለጥቂት ሳምንታት በየቀኑ ማበጠር፣ መኝታውን በፈላ ውሃ ማጠብ፣ ወለሉን ጥግ ጥጉን መጥረግ ያስፈልጋል። ግን ሒሳቡን ሥሩት፦ ዛሬ 10 ሴት ቁንጫ ካወጣችሁ ለነገ እስከ 400 እንቁላል አስቀራችሁ ማለት ነው። ውሻው ላይ ብቻ የተደፋ መርዝም ቢሆን ስንጥቅ ውስጥ ያለውን አያገኘውም።

ማበጠሪያ ሁሉን ይፈታል አልልም። ሙጀሌም የቁንጫ ዘር ነው፤ ቆዳ ውስጥ ስለሚቀበር ግን በማበጠሪያ አይወጣም። ቁንጫ የወረረው ቡችላ ድዱ ከነጣ ደም አንሶት ሊሆን ስለሚችል ሳትውሉ ሳታድሩ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዱት። ሐኪሙ የእንስሳውን ዓይነትና ክብደት አይቶ በሚያዘው መድኃኒት ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ቅሬታዬ የማሳ መርዝ በግምት መድፋቱ ላይ ነው። ደግሞ የማታውቁትን ውሻ እንዳትነኩ፤ የራሳችሁንም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቡት።

አንድ የመጨረሻ ነገር። እኛ ጋ ብዙ ውሻ በር ላይ ታስሮ፣ ፍርፋሪ ተወርውሮለት፣ የሰው እጅ ሳይነካው ያረጃል። የሚያበጥር ሰው ግን መዥገሩን ያያል፣ ቁስሉን ያያል፣ ክሳቱን ያያል። መርዝ የሚደፋ ሰው ከሩቅ ደፍቶ ይሄዳል። ሌሊቱን ሙሉ ለሚጠብቀን ፍጡር በቀን አሥር ደቂቃ ብዙ አይመስለኝም።

እስቲ ሞክራችሁ ስንት እንዳወጣችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የዛሬው የቤት ሥራ ይሄ ነው!