ጓሮው ለምን ተናቀ?

እኛ ተማሪዎች ስለ ረኃብ ብዙ እንናገራለን፤ በየስብሰባውም እንከራከራለን። ነገር ግን የጎመን መደብ ሲኰተኩት የሚታይ ተማሪ በመካከላችን ጥቂት ነው። ጓሮ የእናቶች ሥራ፥ ያልተማረ ሰው ሥራ ነው ብለን ንቀነዋልና። ታሪክ ግን በዚህ አይስማማንም።

ከጎንደር ወደ አዘዞ ብንወርድ የገነተ ኢየሱስን ቦታ እናገኛለን። ዓጼ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በተቀበሉበት ዘመን በዚያ በግንብ የታጠረ አትክልትና የውሃ ገንዳ ነበራቸው። በ1624 ዓ.ም. የቀደመው ሃይማኖት በአዋጅ ተመለሰ፤ የንጉሡም አትክልት ከጊዜ በኋላ ፍርስራሽ ሆነ።

ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ፥ በ1829 ዓ.ም.፥ ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ወደ አገራችን መጣ። በስሜን ተራሮች ዕፅዋት ሰበሰበ፤ ካቶሊክ ሆኖ ኢትዮጵያዊት አግብቶ ጎጆ ወጣ። በ1850 ዓ.ም. ገደማ ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እርሱ መሆኑን የታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። ገበሬው መጀመሪያ ተጠራጠረው፤ በ1880ዎቹ ክፉ ቀን ሲመጣና ከዚያም ወዲህ ግን እየለመደው ሄደ። ዛሬ ዳባትና ደባርቅ ያለ ድንች አይታሰቡም። የንጉሡ አትክልት ከነግንቡ ፈርሶ ሳለ፥ በየሰዉ ጓሮ የገባው ዘር ቀረ።

ምክንያቱ ስውር አይደለም። የጓሮ መሬት አመዱም ፍጉም የሚደፋበት ስለሆነ ይለማል። ድንች በሦስትና በአራት ወር ይደርሳል፤ ገብሱ ገና ሳያፈራ፥ ጎተራው ሲጎድል፥ ልጆችን ያሻግራል። አጠገቡም ጎመኑ፥ ነጭ ሽንኩርቱ፥ ዱባው ይበቅላል፤ የጾሙ ወጥ ከዚያ ይወጣል።

ጓሮ ብቻውን አገር አይመግብም የሚሉን አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አገር ሰላምና በቂ መሬት ይሻል። ይሁን እንጂ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭቱ ከበረታ ወዲህ መንገድ በተደጋጋሚ ሲዘጋ አይተናል። መንገድ ሲዘጋ ገበያ ይደርቃል፤ ከቤት ኋላ ያለ ጎመን ግን መኪና አይጠብቅም።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። ማኅበራችን በግቢው ውስጥ ጦም ያደረ መሬት ለምኖ ለተማሪዎች ያከፋፍል። የእርሻ ተማሪዎች በክረምት የድንቹን ቅጠል የሚያጠቁረውን በሽታ የሚቋቋም ዘር ይምረጡ። የጤና ተማሪዎች፥ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ መመገብ አለበት የሚለውን የዓለም ጤና ድርጅት ምክር በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ አይተዉት። በዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድም እናቶቻችንን ለማስተማር ከመቸኰል በፊት እንጠይቃቸው፤ ዘር መርጦ ማቆየትን ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቃሉና።

በዚህ ክረምት ዶማ የሚያነሣ ማነው?